ለአንድ ተሸካሚ የአራት ሰው ሸክም፦ ጌሚንግ ላፕቶፕ ለምትገዙ ወንድሞች



ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ እኛ ዘንድ የሚቀራ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ ነገ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ አብረውኝ ይሄዳሉ?» አለን። መርካቶ በአጎቱ ሱቅ ሁለት ዓመት ጣቃ ሲያወርድና ሲያነሳ ቆይቶ ያጠራቀማት ብር ናት። ለምን እኛን እንደመረጠ ወዲያው ገባን። ከመስጂዳችን ሰዎች ውስጥ ላፕቶፕ ገዝቶ የተጸጸተ ቢፈለግ ከኛ የሚቀድም የለም።

ታሪኩን እንንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጀመዓው የደርስ ቪዲዮ መሥሪያ እንዲገዛ ብር አዋጥቶ በአማና ሰጠን። ሻጩ «ይሄ ፎር ኬ ነው» አለንና የባሕር ዓሣ ቪዲዮ ከፈተልን። ዓሣው ከስክሪኑ ሊወጣ ደረሰ፤ እኛም ከፈልን። መስጂድ ወስደን ሥራ ስንጀምር ቪዲዮው መንተባተብ ያዘ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ያልቅብን ነበር። ሻጩ አልዋሸንም፤ ስክሪኑ እውነትም ፎር ኬ ነበር። ስለ ውስጡ ሳንጠይቅ በስክሪኑ ብቻ የገዛነው እኛ ነን። የሰው ብር ነበርና ጀመዓው ፊት ቆመን ይህንኑ የተናገርንበትን ቀን እስከ ዛሬ አንረሳውም።

በማግስቱ ከወጣቱ ጋር ስንሄድ የተማርነውን ነገርነው። ሪዞሉሽን ማለት በስክሪኑ ላይ ያሉ የጥቃቅን ነጥቦች ብዛት ነው። 1920 በ1080 የሚባለው 2,073,600 ነጥብ አለው። 2560 በ1440 ደግሞ 3,686,400። ፎር ኬ የሚሉት 3840 በ2160 ሲሆን 8,294,400 ይደርሳል፤ ይኸውም የመጀመሪያውን ልክ አራት እጥፍ ነው። ጌም ስትጫወት እነዚህን ነጥቦች በየሰከንዱ ደጋግሞ የሚስለው ግራፊክስ ካርዱ ነው።

በመንገዳችን አንድ ተሸካሚ ጎንበስ ብሎ በጀርባው ኩንታል ተሸክሞ አለፈ። «ለዚህ ወንድማችን አራት ኩንታል ብንጭንበትስ?» አልነው። ሳቀ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ስክሪኑ ሸክሙ፣ ካርዱ ተሸካሚው።

ሱቁ ስንደርስ ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት ላፕቶፖች ቀረቡለት። ሁለቱም 15.6 ኢንች ናቸው። አንዱ ፎር ኬ፣ 60 ኸርዝ፣ ካርዱ ደከም ያለ። ሌላው 1920 በ1080፣ 144 ኸርዝ፣ ካርዱ ጠንከር ያለ። ኸርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ ምስሉን የሚያድስበት ብዛት ነው። ልጁ ዓይኑን ከፎር ኬው ላይ መንቀል አቃተው። ሻጩም «ዲኤልኤስኤስ አለው፤ ያግዘዋል» አለ። ልክ ነው፤ ካርዱ በትንሽ ሪዞሉሽን ስሎ ምስሉን ያሳድገዋል። ግን ጌሙ ራሱ ካልደገፈው አይሠራም።

«የምትጫወተውን ጌም ይዘሃል?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ አቀረቀረ። ለካ ለቤተሰቡም ለኛም «ለትምህርት ነው» ብሎ ነበር። «ኡስታዝ፣ ይቆጡኛል ብዬ ነው» አለ። እኛም፣ «ሶላትህንና ሥራህን እስካልነካ ድረስ የምንቆጣው ስትደብቀን ነው። በሽተኛው ሕመሙን ከደበቀ ሐኪሙ ምን ያደርጋል?» አልነው። ፈገግ ብሎ ሃርድ ዲስኩን ከቦርሳው አወጣ።

ሁለቱንም ቻርጀር ላይ ሰክተን ጌሙን ጫንበት። በፎር ኬው ላይ ሥዕሉ ያምራል፤ ተጫዋቹ ሲሮጥ ግን እየተቆራረጠ ነው። ሪዞሉሽኑን ወደ 1920 በ1080 ሲያወርደው ለሰስ አለ። ልጁ ቀና ብሎ፣ «እንዲህ አውርጄ ልጫወትበት ከሆነ ለፎር ኬው ለምን እከፍላለሁ?» አለ። ከዚያ በኋላ እኛ የምንጨምረው ነገር አልነበረም።

ሒሳቡም ይመሰክርለታል። ፎር ኬ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲሳል ወደ 500 ሚሊዮን ነጥብ ነው። 1920 በ1080 በሰከንድ 144 ጊዜ ቢሳል እንኳ ወደ 300 ሚሊዮን ነው።

ወንድሞች፣ ላፕቶፕ የምትገዙበት ቀን ሲመጣ እነዚህን አስታውሱ፦

• መጀመሪያ ካርዱን ጠይቁ፣ ከዚያ ስክሪኑን። ለመካከለኛ ካርድ 1920 በ1080 ይበቃል፤ በ15.6 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ወደ 141 ነጥብ ይደርሳል። 2560 በ1440 ጠንካራ ካርድ ላለው ነው። ያን ስክሪን ይዛችሁ ጌሙን ወደ 1080 ብታወርዱት ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል።

• ፎር ኬ ለፎቶና ለዲዛይን ሥራ ቦታ አለው። ሥራችሁ እሱ ከሆነ ግዙ።

• ካርቶኑን አትመኑ። ዊንዶውስ ላይ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ገብታችሁ ሪዞሉሽኑንና ኸርዙን በዓይናችሁ እዩ።

• የራሳችሁን ጌም ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻጩን ቪዲዮ ሳይሆን እሱን ክፈቱ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተጫወቱበት፤ ሲግል የሚደክም ላፕቶፕ አለና።

• የሚሸጥ ወንድም ካላችሁ ደግሞ ካርዱ የማይችለውን ሸክም ለገዢው ንገሩት። የሸቀጥን ነውር መናገር በዲናችን የሻጩ ግዴታ ነው።

ልጁ ሁለተኛውን ገዛ። ከተረፈው ብር ላይ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ ላፕቶፑ ለጌምም እንደሆነ በዚያው ምሽት ነገራት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ኡስታዝህ ያውቃል?» የሚል ነበር አሉ።

አላህ በምትገዙትም በምትሸጡትም በረካ ያድርግላችሁ።