ጢማሙ አበባ

ዛሬ ረፋድ እዚህ ናሽቪል፣ በጓሮዬ ተጨናንቆ የበቀለውን አይሪስ ከፋፍዬ ስተክል፣ እናቴ የሚሆኑ ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ ብለው «ኧረ ልጄ፣ ሥሩን አፈር አልብሰው፣ ፀሐይ ፈጀው እኮ!» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም፤ ሥር ሁሉ በከርሠ ምድር ሊሰወር የተፈጠረ ይመስላልና።

ዳሩ ግን ይህ፣ ወደ ታች በተዘናፈሉት የአበባው ቅጠሎች ላይ ጢም የሚያበቅለው ተክል፣ እንደ ዝንጅብል የወፈረ ሥሩ ጀርባውን ለብርሃነ ፀሐይ ካልሰጠ በቀር፣ ቅጠሉ እየለመለመ አበባውን ይነፍጋል፤ ርጥበት ሲበዛበትም ይበሰብሳል።

በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት መከፈሉም ስለዚሁ ነው፤ ሲጨናነቅ ሥሩ ፀሐይ አያገኝምና። (ወገብ ለሚያመው ሰው አልመክርም።)

ናሽቪል ያለችባት ቴኔሲ በ1933 እ.ኤ.አ. አይሪስን የግዛቷ አበባ አድርጋ ስትመርጥ ቀለሙን አልወሰነችም፤ በልማድ የነገሠው ሐምራዊው ነው። እኔ ግን ለቢጫው አደላለሁ።

የተረፈኝ ሥር ብዙ ነው፤ እዚህ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የትኛውን ቀለም ላስቀምጥላችሁ?