ስም ያልተሰጠው ሥዕል

በሀዋሳ ከተማ ሐይቁ አጠገብ ያለውን ጉዱማሌን አንድ ጊዜ ያየ ሰው የዛፎቹን ጥላ በቀላሉ አይረሳውም። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጨምበላላን በአደባባይ የሚያከብረው በዚሁ ሥፍራ ሲሆን፥ ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉ፥ የከዋክብትን አካሄድ የሚመረምሩ ሽማግሌዎች ናቸው። በዓሉም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል።

እኛም አንድ ማለዳ በዚያ ውለን ወደ ቤታችን ተመለስንና አሮጌውን ኮምፒዩተራችንን ከፈትን። በስክሪኑ ላይ የተቀበለን ግን ያ የታወቀው አረንጓዴ ኮረብታ ነበር። ሥዕሉን ቻርልስ ኦሪር የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ አነሣው፤ በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ደግሞ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። አጠገባችን የነበረ የጎረቤት ልጅ፥ «ጋሼ፥ ይህ አገር የት ነው?» ሲል ጠየቀን፤ ነገርነው። «የኛስ ለምን አይሆንም?» አለ።

መልስ ስላልነበረን ለፍለጋ ተቀመጥን። ያገኘናቸው ጥቂት ሥዕሎች እጅግ ትንንሾች ስለ ነበሩ በስክሪኑ ልክ ሲለጠጡ ደበዘዙ። ከዚያም ሀዋሳ፥ ሃዋሳ፥ ሐዋሳ፥ አዋሳ እያልን በየተራ ጻፍን። ለጆሮ አንድ የሚመስለው ፊደል ለኮምፒዩተር የተለያየ ነው፤ ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሀም፥ ሃም፥ ሐም የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋልና። ይህን አስቦ ያልተሠራ መፈለጊያ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው አያገኘውም።

ሰውን ሁሉ ከወቀስን በኋላ፥ በዚያው ማለዳ እኛ ራሳችን ብዙ ፎቶግራፍ አንሥተን እንደ ነበር ትዝ አለን። ነገር ግን ካሜራው ከሰጠው ቁጥር በቀር ስም ስላልነበረው፥ ከሠርግና ከስብሰባ ሥዕሎች ጋር ተደባልቆ ሁለት ማታ አስፈለገን። የራሳችንን ንብረት በራሳችን ቤት ማግኘት ካቃተን፥ ሌላው እንዴት ያገኘው ኖሯል?

ከሁሉ የሚያምረው ሥዕል አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር በትራቸውን ተደግፈው የቆሙበት ነበር። እኒህን ሰው ስማቸውን አልጠየቅናቸውም፤ ፈቃዳቸውንም አልተቀበልንም። ስለዚህ ዛፉና ሐይቁ ብቻ የሚታዩበትን መረጥን።

ከዚህ የተማርነው ጥቂት ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሥዕሉን ሳያሳንስ ያኑር፤ ለተለመደው ስክሪን ወርዱ 1920፥ ቁመቱ 1080 ነጥብ ቢሆን ይበቃል። ቦታውንና ቀኑን በአማርኛ፥ በሲዳምኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍበት፤ የከተማውንም ስም በየአጻጻፉ ይጨምርበት። ለሌላው ማካፈል ከወደደም፥ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ፈቅዶ በዊኪሚዲያ ኮመንስ ሊያኖረው ይችላል። ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ለተማሪዎች ቢያስለምዱ ድካሙ የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ልጁ ዛሬ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት የሚያየው ጉዱማሌን ነው። የሽማግሌው ሥዕል ግን ተመልሰን ስማቸውን እስክንጠይቅ ድረስ በእኛው ዘንድ ተቀምጧል።