ሴኡል ያልደረሱት ሰባቱ

እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካዋ ሬኖ ከተማ በተካሄደው የዓለም አማተር ቦክስ ሻምፒዮና ከ12ቱ የወርቅ ሜዳሊያዎች ሰባቱን ኩባውያን ወሰዱ። ቶሬስ፣ ሬየስ፣ ሆርታ፣ ኤስፒኖሳ፣ ሮሜሮ፣ ሳቮን፣ ስቲቨንሰን። ቴዎፊሎ ስቲቨንሰን ያኔ 34 ዓመቱ ነው፤ ፌሊክስ ሳቮን ገና 18። አባትና ልጅ ሊባሉ ምንም የማይቀራቸው ሁለት ከባድ ሚዛኖች በአንድ ቡድን! በዓመቱ ደግሞ በኢንዲያናፖሊሱ የፓን አሜሪካ ጨዋታ ከ12 ወርቅ አሥሩን ጠራርገው ሄዱ። የሴኡል ኦሊምፒክ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር።

ከሰባቱ አንዱም ሴኡል ላይ አልተፋለመም።

ሰሜን ኮሪያ የአዘጋጅነቱ ተካፋይ ካልሆነች አንሄድም አለች ሀቫና። የሚያንገበግበው የሰሜን ኮሪያ ትልልቆቹ ወዳጆች፣ ሶቪየት ኅብረትና ቻይና፣ ልጆቻቸውን ሰብስበው ሴኡል መግባታቸው ነው። እነሱ ሲሄዱ ኩባ ቀረች። እኛም ኢትዮጵያውያን ቀረን።

ከሁሉም አንጀቴን የሚያሳርረኝ የአንሄል ኤስፒኖሳ ነገር ነው። ሬኖ ላይ በ71 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በኢንዲያናፖሊስ ወደ 75 ከፍ ብሎ እንደገና ወርቅ አጠለቀ። ሴኡል ላይ የ75 ኪሎውን ወርቅ የወሰደው የምሥራቅ ጀርመኑ ሄንሪ ማስከ ነበር። ጎበዝ ነው፣ አልከፋበትም፤ ግን ኤስፒኖሳን ሳይገጥም ነው የወሰደው። ኤስፒኖሳ ትቶት በሄደው 71 ኪሎ የሆነውንማ የማያውቅ የለም። በፍጻሜው አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ 86 ቡጢ አሳርፎ 32 ብቻ ቀመሰ፤ ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ግን ለደቡብ ኮሪያው ፓርክ ሲ-ሁን ፈረዱ። ሁሉም ለጆንስ አዘነ። ጆንስ ግን ቢያንስ ተዘረፈ፤ ኤስፒኖሳ የሚዘረፈው ነገር እንኳ አልነበረውም።

ከአራት ዓመት በኋላ በ81 ኪሎ ባርሴሎና ሄደ። ሩብ ፍጻሜ ላይ በፖላንዱ ቮይቼክ ባርትኒክ ተሸነፈ። የቡድን ጓደኞቹ ሰባት ወርቅ ይዘው ሲመለሱ እሱ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቦክሰኛ ጊዜው አንዴ ካለፈ አለፈ ነው። አዶልፎ ሆርታ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ከኦሊምፒክ ያገኘው የሞስኮውን ብር ብቻ ነው። ፓብሎ ሮሜሮ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ ኦሊምፒክን ጭራሽ አልረገጠም።

ይህን የምጽፈው ለኩባ ብቻ አዝኜ አይደለም። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ። ስድስት ወር ሳይሞላ የሴኡልን ማራቶን ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን በ2:10:32 አሸነፈ። በላይነህ አልነበረም፤ የደርግ መንግሥት አትሂዱ ብሎ ነበርና። እ.ኤ.አ. የ1976ቱ የሞንትሪያል መቅረት ቢያንስ ስለ አፓርታይድ ነበር፣ ያ ያጽናናል። ይሄኛውስ ስለ ማን ነበር?

ሰሜን ኮሪያ አንድም ውድድር አላዘጋጀችም። ጨዋታው ያለ እኛ ተጀምሮ ያለ እኛ አለቀ። አንሄድም ብለው የወሰኑት ሰዎች ከኪሳቸው የወጣ ነገር የለም። የኤስፒኖሳ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ብዛት ግን ዛሬም ዜሮ ነው።