ከማሩ ጋር ያደግሁ፣ ከንቡ የተለየሁ

ዋግ ውስጥ ያደገ ሰው ጥቅምትን የሚያስታውሰው በማር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ተራራው አበባ ሲለብስ፣ ንቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሲመላለስ፣ አያቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በቀፎዎቻቸው ፊት ወዲህና ወዲያ ይሉ ነበር። የዋጓ ሰቆጣ ነጭ ማር በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀ ነው፤ እኛ ልጆቹ ግን ዝናውን የሰማነው ኋላ ከቀያችን ስንወጣ ነው። ለእኛ ማር ማለት አያቴ በምሽት ቆርጠው፣ ከነሰፈፉ የሚያድሉን፣ የቀፎው ሙቀት ገና ያልለቀቀው ቁራጭ ነበር።

ቆረጣው የሚጀመረው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። አያቴ ደረቅ ኩበት አቀጣጥለው በገል ይይዛሉ፤ ጭሱን ከቅርንጫፍ ተጎንጉኖ በጭቃና በእበት ወደ ተለሰነው ቀፎ አፍ ቀስ አድርገው እፍ ይሉታል። ንቦቹን በኽምጣኛ ዝግ ባለ ድምፅ ያናግሯቸዋል፤ እኔን ደግሞ በአማርኛ፣ «መብራቱን ያዝ፣ አትወራጭ፣ ትንፋሽህን አትልቀቅባቸው» ይሉኛል። የሰው ትንፋሽ ንብን እንደሚያስቆጣ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር። አንዷ ከነደፈችኝም መንደፊያዋን ወዲያው በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው ያወጡልኛል። መንደፊያው ሥጋ ውስጥ በቆየ ቁጥር መርዙን ማስገባቱን እንደማይተው ከልምድ ተምረውታል። ከዚያ «የማሩ ዋጋ ናት፤ ተከፍላለች» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ክንዴ አበጥ ይላል፣ ሌሊት ያሳክከኛል፣ በማግስቱ ይረሳል። ልጅነቴን ሙሉ እንዲህ ነበር።

ከዚያ ትምህርት ሩቅ ወሰደኝ፤ ሥራም እዚያው አቆየኝ። ለብዙ ዓመታት ንብ አጠገቤ አልደረሰችም። ሠላሳን ተሻግሬ አስተማሪ ሆኜ ወደ ሰቆጣ ስመለስ አያቴ አርጅተዋል፤ ቀፎዎቻቸው ግን እንደ ነበሩ ናቸው። በዚያ ዓመት ማር ቆረጣ አያመልጠኝም ብዬ ቀን ስቆጥር፣ አንድ ረፋድ ላይ ከጓሮ ስመለስ አንዲት ንብ አንገቴ ላይ ነደፈችኝ። ለመቁጠርም የማይበቃ ነገር መሰለኝ።

መጀመሪያ ያሳከከኝ አንገቴ አልነበረም፤ የእጄ መዳፍና የውስጥ እግሬ ነው። ቀጥሎ ጆሮዬ ጋለ። ሸሚዜን ስገልጥ ሆዴና ደረቴ ተንደብድቧል፣ አንዱ እብጠት ከሌላው እየተቀላቀለ ይሰፋል። ከንፈሬ ከበደኝ፣ ድምፄ ጎረነነ፣ «አያቴ» ብዬ ስጠራ የወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ሆዴ ተገለባበጠ፣ ዓይኔም ጨለመብኝ። ጎረቤቶች ተጯጩኸው ተሰበሰቡ፤ ወጣቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው እየተፈራረቁ ወደ ሕክምና አደረሱኝ። ባለሙያው ጭኔ ላይ አድሬናሊን ወጋኝ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጉሮሮዬ ተከፈተ። ቢሻለኝም ወዲያው አልለቀቀኝም፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ እንደሚችል አስረድቶ እዚያው አሳደረኝ።

እኔን ያስገረመኝ «ልጅ ሆኜ ስንቴ ተነድፌ ምንም ያልሆንሁት፣ አሁን ምን መጣ?» የሚለው ነበር። መልሱን ፍለጋ ሳነብ ሻርል ሪሼ እና ፖል ፖርቲዬ የሚባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎችን አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1902 ከባሕር እንስሳ የወጣ መርዝ ለውሾች ሰጥተው፣ የመጀመሪያውን መጠን በደህና ያለፈ ውሻ ከሳምንታት በኋላ ዳግም ሲሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞት አዩ። የመጀመሪያው መጠን ውሻውን ይበልጥ ያጠነክረዋል ብለው ሲጠብቁ ተቃራኒው ሆነ። ሪሼ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሰውነታችን ከባዕድ ነገር ጋር ሲገናኝ ለሚቀጥለው ጊዜ ይዘጋጃል፤ ዝግጅቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ሂስታሚን የሚባለውን ኬሚካልና መሰሎቹን በአንድ ጊዜ ይለቅቃል። የሚያሳክከው፣ የሚያሳብጠው፣ የደም ግፊትን የሚያወርደውም ይኸው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ስለ ንብ አርቢዎች ያነበብሁት ነው። በዓመት ደጋግሞ የሚነደፍ ንብ አርቢ ሰውነቱ መርዙን ስለሚለምደው ብዙ ጊዜ ብርቱ አለርጂ አይነሣበትም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነደፈው ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ከንብ ሳይለዩ ኖሩ። እኔ ከንብ ጋር አደግሁ፣ ርቄ ኖርሁ፣ ተመለስሁ። የእኔ ነገር በዚህ ብቻ የመጣ ነው ባልልም፣ ያን ሳነብ የሁለታችንን ዕድሜ ጎን ለጎን ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኝ ጀመር። አንዲት የዋግ ዝቋላ እናት ዓሣ የቀመሱት ካረጁ በኋላ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከዜ ኃይል ማመንጫ ተመርቆ ሸለቆው ሐይቅ ሲሆን፣ ፍየልና ማሽላ ወደሚታወቅበት ቆላ ዓሣ ገባ። እኒህ እናት ወደዱት፤ ጥቂት ጊዜ ከበሉ በኋላ ግን ከንፈራቸው እያበጠ አስቸገራቸው። «ልጆቼ ይብሉ፤ እኔ ሽታውም ይበቃኛል» አሉኝ እየሳቁ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባልደረባዬ ደግሞ የጤፍ ውቂያ ሲደርስ ከአውድማው የሚነሣው እብቅ ትንፋሽ ያሳጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የጅማ ጥናት፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪ ላይ እንደሚበዛ አሳይቶ ነበር። የምንኖርበት ስፍራና የምንበላው ነገር ሲለወጥ ሰውነታችንም አብሮ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ሠላሳ ወይም ሃምሳ ዓመት መሙላት ከዚህ አያድንም።

እኔ ግን ከዚያ ዘመን ይበልጥ የምወደው ትዝታ የቤተሰቤ አያያዝ ነው። ከሕክምና ስመለስ ማር ከቤቱ ጠፍቶ ቆየኝ። ሴቷ አያቴ ማሰሮውን ለጎረቤት ሰጥተውታል፤ እኔ የማልቀምሰውን እርሳቸውም ላይቀምሱ ወስነዋል። ባለሙያውን ጠይቄ መጣሁና፣ መርዙ ከመንደፊያው እንጂ ከማሩ እንዳልሆነ፣ ከዚህ በፊት ማር በልቼ ምንም ካልሆንሁ አሁንም መብላት እንደምችል ነገርኋቸው። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ተመስገን» አሉና፣ በዚያው ቀን ብርዝ በጥብጠው አቀረቡልኝ። እንግዳን «በሞቴ» እያለ ሦስት ጊዜ በሚያጎርስ አገር፣ አልፈልግም ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። ቤታችን ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲመጣ አስቀድሞ «የማይስማማህ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለመደ።

ወንዱ አያቴም ቆረጣ ሲደርስ በዋዜማው ያስጠሩኛል። «ነገ ማታ እንቆርጣለን፤ አንተ ከከተማ እደር። ድርሻህ ይቀመጥልሃል» ይሉኛል። አንድም ጊዜ ሳያስታውቁኝ ቀፎ አልከፈቱም። በማግስቱ ከሁሉ የነጣውን ቁራጭ ራሳቸው ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ አብረን ተቀምጠን ስንበላም በልጅነቴ መብራቱን እንዴት እንደምይዝ ያነሣሉ።

ዛሬ በዋግ ዘመናዊ ቀፎ እየተስፋፋ ነው፤ ወጣቶችም ተደራጅተው ንብ ያረባሉ። በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ ደረቅና ገደላማ ለሆነ አገር ንብ ትልቅ ሀብት ናት። ነገር ግን ለወጣቶቹ ቀፎና መከለያ ልብስ ሲሰጥ እውቀቱም አብሮ ይሰጥ። የተነደፈው ቦታ ብቻ ካበጠ የተለመደ ነው፤ መላ ሰውነት ከተንደበደበ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ከዞረ ግን ሳይውል ሳያድር አድሬናሊን ወዳለበት መሮጥ ነው። ለማሳከክ የሚዋጥ ክኒን ለዚህ አይበቃም። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ሰው ከዚያ በኋላ ብቻውን ቀፎ አይክፈት። በሌላው ዓለም የንብ መርዝን ጥቂት በጥቂት እየወጉ ሰውነትን ለዓመታት የሚያለማምዱበት ሕክምና አለ፤ ብዙዎችን አድኗል። ለእኛም የሚደርስበትን ቀን እመኛለሁ።

እስከዚያው የሚቻለውን አያቶቼ አሳይተውኛል። ጎረቤት ማን ንብ እንደማይስማማው ይወቅ፣ ቆራጩ በዋዜማው ያስታውቅ፣ የቤቱ እመቤት ከማጉረሷ በፊት ትጠይቅ። ይህ ገንዘብ አይፈልግም፤ እኔም እስከ ዛሬ ያለ ስጋት ወደ አያቶቼ ደጅ የምገባው በዚህ ነው።