ጎማ የታጠቀው ፍየል

የስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር ኩንግስትሬጎርደን ጣቢያ ላይ ያወርዳል። ከዚያ የውኃውን ዳር ይዘው ጥቂት ሲራመዱ ወርቅ የተቀባ ዘውድ የተሰካበት ድልድይ ይገጥማል። ድልድዩን የተሻገረ ሰው ሼፕስሆልመን ደሴት ላይ ነው፤ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየሙ ሞዴርና ሙሴትም እዚያው ነው። አብረውኝ የመጡት አጎቴ ናቸው። በዚህ ከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሙዚየሙን ግን ረግጠውት አያውቁም። «አንተ ከሰሚት ድረስ መጥተህ እኔ ከዚህ ልቅር?» ብለው ኮታቸውን ደረቡ።

የመጣሁት ለአንድ ሥራ ነው፤ «ሞኖግራም» ይባላል። አሜሪካዊው ሮበርት ራውሸንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1959 ድረስ እየጀመረና እያፈረሰ የሠራው ነው። ሆዱ ተሞልቶ እንደ ሕያው የቆመ የአንጎራ ፍየል ነው፤ ረጅም ጠጉሩ እንደ ጋቢ ዘርፍ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀንዶቹ ተጠምዝዘው ወደ ጎን ወጥተዋል። ወገቡ ላይ የመኪና ጎማ ታጥቋል። ፊቱ ላይ ደግሞ ወፍራም ቀለም ተለድፎበታል። የቆመው ተሽከርካሪ እግር ባለው ጠፍጣፋ መደብ ላይ ነው። መደቡ ራሱ ሥዕል ነው፤ የእንጨት ቁራጭ፣ የማስታወቂያ ፊደላት፣ የጫማ ተረከዝ ተለጥፎበታል። ከፍየሉ ኋላ አንዲት የቴኒስ ኳስ ተቀምጣለች።

አጎቴ ዙሪያውን ዞሩት። «ይሄ እኛ አገር ቢሆን ኖሮ፣ ፍየሉ ለበዓል ጎማው ለበረባሶ ይሆን ነበር» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሰሚት ያለበት ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተመሠረተ አዲስ ክፍለ ከተማ ይሁን እንጂ፣ እንደቀረው አዲስ አበባ ሁሉ እዚያም አሮጌ ዕቃ መንገዱን ያውቃል። ጠዋት በኮንዶሚኒየሞቹ መሀል «ቆራሌው!» ሲባል የዛገ ቆርቆሮ፣ የተቃጠለ ካውያ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን ከየደረጃው ይወርዳል። «ልዋጭ!» ባዮቹ ደግሞ አሮጌ ልብስ ወስደው የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣሉ። ብዙው መርካቶ ይገባል፤ ምናለሽ ተራ ላይ ተፈትቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜም የኮምፒውተር ሰሌዳውን፣ ቁልፉንና ባለቀለም ሽቦውን ከመርካቶ እየሰበሰበ ነው በየአገሩ ሙዚየም የተሰቀሉትን ግዙፍ ሥራዎች የሠራው። ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱትን ዞማ ሙዚየም ያየ ሰው ጎማ ሙዚየም ገባ ብሎ አይደነቅም።

ራውሸንበርግም የኒው ዮርክ ቆራሌ ነበር ማለት ይቻላል። ከቤቱ ወጥቶ አንድ ዙር መንደሩን ይዞራል፤ ያገኘው ካልበቃው አንድ ተጨማሪ ዙር ብቻ ለራሱ ይፈቅዳል። ፍየሉን ያገኘው ሰባተኛ ጎዳና ላይ፣ ያገለገለ የቢሮ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ መስኮት ውስጥ ነው። ባለሱቁ 35 ዶላር ጠየቀው፤ እጁ ላይ የነበረው 15 ነበር፤ እሱኑ ቀብድ ከፍሎ ወሰደ። ቀሪውን ይዞ ሲመለስ ሱቁ ተዘግቷል። የፍየሉ አፍንጫ አካባቢ ተጎድቶ ስለነበር ቀለሙን የለደፈበት ያንን ሊሸፍን ነው።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው፣ አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው እንደሌለ እያወቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰውየው... ከወንድ ጋር ነበር የሚኖረው አሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እሺ፤ ታዲያ ያ ከፍየሉ ጋር ምን አገናኘው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ራውሸንበርግ አግብቶ ወንድ ልጅ ወልዷል፤ ትዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ሞኖግራም በሚሠራባቸው ዓመታት ፍቅረኛው ሠዓሊው ጃስፐር ጆንስ ነበር። ማንሃታን ውስጥ በአንድ ሕንፃ ላይ ስቱዲዮ ነበራቸው፤ ለኪራይ የሚሆን ገንዘብ የሚያገኙትም «ማትሰን ጆንስ» በሚል የጋራ የሥራ ስም ለትልልቅ ሱቆች የመስኮት ማሳያ እየሠሩ ነበር። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በዚያን ጊዜ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ወንጀል ነው፤ ሕጉን ለመሻር የመጀመሪያዋ ኢሊኖይ እንኳን እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ቆይታለች። ከ1953 ጀምሮ ደግሞ በዚህ የተጠረጠረ ሰው ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ይባረር ነበር። ፍየሉን ዛሬ የምታኖረው ስዊድን ክልከላዋን ያነሳችው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ዛሬም ይከለክላል። አጎቴ ስዊድን መሀል ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉትም አገራቸውን ይዘው ስለመጡ ይመስለኛል።

አውስትራሊያዊው ሃያሲ ሮበርት ሂዩዝ በጎማው ውስጥ ያለፈውን ፍየል የወንድ ለወንድ ፍቅር ምስል ነው ብሎ ፈትቶታል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ እንዲህ ያለውን ፍቺ ቶሎ ይቀበላል፤ ራውሸንበርግ ግን ሥራዎቹን በዚህ መልክ ፈትቶ መስጠት አይወድም ነበር። ፍቅራቸው ከፍየሉ ጋር እንደሚገናኝ እኔንም ያሳመነኝ ጎማው አይደለም።

ያሳመነኝ የሥራው ታሪክ ነው። ራውሸንበርግ ፍየሉን መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ካለ ሥዕል ጋር አያያዘው፤ የሚታየው በአንድ ጎኑ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ጎማውን አጥልቆለት ከረጅም የቆመ ሰሌዳ ፊት አቆመው፤ ፍየሉ ሰሌዳውን ሊጎትት የታሰረ የጋማ ከብት መሰለ። ሁለቱም አላረኩትም። መላ ያመጣው ጆንስ ነው፤ ሥዕሉን መሬት ላይ አጋድመህ ፍየሉን መሀሉ አቁመው አለው። ሥዕሉ መሰማሪያ ሆነ፣ ፍየሉም ከግድግዳ ተፈትቶ ሜዳው ላይ ወጣ።

ይህንን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ሁለቱ ሰዎች በ1961 ተለያዩ፤ ስለ ግንኙነታቸው በአደባባይ የተናገሩት ጥቂት ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ የፍቅር ምልክት ባላገኝም አብሮ የመኖር ማስረጃ ግን አግኝቻለሁ፦ አንዱ አራት ዓመት የተጨነቀበትን ሌላው በአንድ ሐሳብ መፍታቱ። ይህን የሚችል ሥራው ሳያልቅ ሲያድር የሚያይ፣ ሲከሽፍም አብሮ የሚያዝን ሰው ነው።

አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔንም መኪና ማቆም ያስተማረችኝ ሚስቴ ነበረች» አሉ።

ወደዚያ የሚዘልቅ የአገሬ ሰው ካለ፣ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ጎማው ነውና እሱ ቀስ ይበል። መጀመሪያ የፍየሉን እግር ይይ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን መደብ ይይ፤ የሁለቱ ሰዎች ድርሻ የተገናኘው እዚያ ነው።