አጥሩን የያዘው ሐረግ

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም፣ ከአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ገባ ብሎ የተከራየነው ቤት ጓሮው በሽቦ የታጠረ ነው። አጥሩን የፓሽን ሐረግ አልብሶታል፤ ግማሹ ለምልሟል፣ ግማሹ ቅጠሉን እንዳንጠለጠለ ደርቋል። ግቢውን የሚንከባከቡት አዛውንት፣ ሁላችንም «ሙዜ» የምንላቸው፣ ግንዱን ከመሬት ጥቂት ከፍ ብለው በቢላ ሰነጠቁልኝ። ውስጡ ቡናማ ሆኗል።

«ልጄ፣ ይህ ከአፈር የመጣ ነው፤ ውኃ አያድነውም» አሉኝ።

ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ በሥሩ ገብቶ የውኃ መተላለፊያውን ደፍኖታል። ሙዜ ነቅለው አቃጠሉት፤ እዚያው ጉድጓድ ሌላ እንዳይተከልም አስጠነቀቁ።

ከ1,700 ሜትር በላይ ለሆነው የናይሮቢ ከፍታ የሚስማማው ሐምራዊው ፓሽን ነው፤ ቢጫው የሞምባሳን ሙቀት ይወዳል። የቢጫው ሥር ግን ያንን በሽታ ይችላል። ስለዚህ ሙዜ ሥሩ ቢጫ፣ አናቱ ሐምራዊ የሆነ የተዳቀለ ችግኝ አመጡ። መጋቢት ላይ፣ ትልቁ ዝናብ ሲጀምር፣ ራቅ አድርገን ተከልነው። መጋጠሚያው አፈር እንዳይነካ አጥብቀው ይቆጣጠሩ ነበር፤ ሐምራዊው በዚያ በኩል የራሱን ሥር ከሰደደ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጓሮው ጥግ የወደቀ ደረቅ ግንድ አለ። ሙዜ ማንም እንዲነካው አይፈልጉም፤ እንጨት የሚቦረቡሩት ትልልቅ ጥቁር ንቦች የሚኖሩት እዚያ ነው። የፓሽን አበባ ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም። አበባው ጠዋት ሲከፈት ንቡ ወለላውን ሊቀስም ይገባል፤ ጀርባው ቢጫ ዱቄት ለብሶ ይወጣና ወደሚቀጥለው ይበራል። ቡናዬን ይዤ ቆሜ ስንቱን ጠዋት እንዳየሁት!

በዓመቱ እማዬ ለሁዳዴ መጣች። የደቡብ አሜሪካ ሚስዮናውያን በዚህ አበባ የጌታን ሕማማት እንዳዩበት ነገርኳት፦ ሦስቱ ጫፎች ችንካሮቹ፣ ዱቄት ያዘሉት አምስቱ ቁስሎቹ፣ ዙሪያውን ያሉት ክሮች የእሾህ አክሊሉ። በጣቷ ቆጠረች፤ አማተበች። ከዚያ በኋላ አበባ አላስቀጥፍ አለች።

ፍሬውን ማንም አይቀጥፍም፤ ሲበስል ራሱ ይወድቃል። እማዬ ከጸሎት መልስ በነጠላዋ ጫፍ ትለቅመዋለች። ለስላሳውን ለሙዜ በፌስታል ትሰጣለች፣ እቤታቸው ይቆይላቸዋል ብላ። የተጨማደደውን ለጾሙ ጭማቂ ታስቀራለች፤ ጣፋጩ እሱ ነው።