የቀለም ቴሌቪዥን ዋና ከተማ

በዩናይትድ ስቴትስ የኢንዲያና ግዛት ዋና ከተማ ከሆነችው ከኢንዲያናፖሊስ ተነሥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ፣ ሜዳው እያለቀ ኮረብታና ደን እየተካው ሄዶ ብሉሚንግተን ከምትባል ከተማ ይደርሳሉ። ከተማይቱ በትልቁ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲና ከአካባቢዋ በሚፈለጠው የኖራ ድንጋይ የታወቀች ናት። በኒው ዮርክ የቆመው የኤምፓየር ስቴት ሕንፃ የለበሰው ድንጋይ ከዚሁ አካባቢ የወጣ ነው። አንባቢ ሆይ፣ የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ዩኒቨርሲቲውም ስለ ድንጋዩም አይደለም። ይህች ከተማ ቀድሞ «የዓለም የቀለም ቴሌቪዥን ዋና ከተማ» ትባል ነበር። ይህን ስም እንዴት አገኘችው? እንዴትስ አጣችው? (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አር.ሲ.ኤ. የተባለው ታላቅ የራዲዮ ኩባንያ ሥራውን ያካሂድ የነበረው በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ ነበር። በ1936 የካምደን ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ማኅበራቸውም እየበረታ ሄደ። ስለዚህ የኩባንያው ሹማምንት ጉልበት ርካሽ የሆነበትን ሌላ ስፍራ ይፈልጉ ጀመር። ብሉሚንግተን በዚያን ጊዜ ተቸግራ ነበር። ሻወርስ የተባለው ትልቁ የቤት ዕቃ ፋብሪካዋ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ተዳክሟል፤ የድንጋዩም ሥራ ቀዝቅዟል። በ1940 አር.ሲ.ኤ. ከሻወርስ ፋብሪካዎች አንዱን ገዝቶ በዚያ ራዲዮ መገጣጠም ጀመረ። የተቀጠሩት ይልቁንም ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ደመወዛቸውም ከካምደን ሠራተኛ ደመወዝ ያነሰ ነበር። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በ1949 ፋብሪካው ቴሌቪዥን መሥራት ጀመረ። በ1953 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት የቀለም ሥርጭት ደንብ ሲያጸድቅ፣ በተከተለው ዓመት በማርች 25 ቀን 1954 የመጀመሪያው የአር.ሲ.ኤ. የቀለም ቴሌቪዥን ከብሉሚንግተን ወጣ። ሲ.ቲ. 100 የተባለው ይህ መሣሪያ የሥዕል መስተዋቱ 15 ኢንች፣ ዋጋው 1,000 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዘመን የአዲስ መኪና ግማሽ ዋጋ ያህል ማለት ነው። ገዢ ግን ጠፋ። ወራት ሳይቆይ ዋጋው ወደ 495 ዶላር ወረደ፤ የተሠራውም ቁጥር ከ5,000 ብዙ አልራቀም።

ዋጋው ይህን ያህል የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም። ለጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አንድ የኤሌክትሮን ጨረር ይበቃዋል። የቀለሙ ግን ሦስት ያሻዋል፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። ከመስተዋቱ በስተኋላ ወደ 200,000 የሚጠጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ የብረት ወንፊት ይቆማል፤ እያንዳንዱ ጨረር በቀዳዳው ሾልኮ የራሱን የቀለም ነጥብ ብቻ እንዲመታ መስተካከል አለበት። ጨረሩ ጥቂት ቢዛነፍ የዘፋኙ ፊት እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል! ከዚህም ሌላ በሣጥኑ ውስጥ ሠላሳ ስድስት አምፖል መሰል ቱቦዎች ነበሩበት። ይህን ሁሉ ሽቦ ለሽቦ በእርሳስ እየበየዱ የሚያገናኙት የሴት ሠራተኞች እጆች ናቸው። እንግዲህ የዚህ ዕቃ ዋጋ ከመስተዋቱና ከመዳቡ ይልቅ በሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ሌላም እንቅፋት ነበር። በቀለም የሚተላለፍ ትርኢት ከሌለ መሣሪያውን ማን ይገዛል? መሣሪያው በየቤቱ ከሌለስ በቀለም ለማስተላለፍ ማን ገንዘቡን ያወጣል? ይህን ቋጠሮ የፈታው የኩባንያው አለቃ ዴቪድ ሳርኖፍ ነው። ሳርኖፍ በሚንስክ አካባቢ ከምትገኝ መንደር በልጅነቱ ተሰዶ በኒው ዮርክ ጎዳና ጋዜጣ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የሥርጭት ድርጅት የኩባንያው ንብረት ስለ ነበረ፣ ተመልካቹ ጥቂት ሳለ በቀለም ያስተላልፍ ዘንድ አዘዘው። ኩባንያው ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ ለዓመታት ትርፍ ሳያይ ቆየ። ነገር ግን የሥዕል ቱቦውንና የፈጠራ ፈቃዱን ለሌሎች ፋብሪካዎች ስለሚሸጥ፣ ባላንጣዎቹ ሲያተርፉም የእርሱ ድርሻ አይቀርም። ይህ ብልህነት ይመስለኛል። በ1961 የዋልት ዲዝኒ ትርኢት በቀለም ወደ ኤን.ቢ.ሲ. መጣ፤ በ1965 የጣቢያው የምሽት ትርኢት ሁሉ ለማለት ይቻላል በቀለም ሆነ፤ ገበያውም ጎረፈ። (በእኛ አገር የቀለም ሥርጭት የታየው በ1984 ነው።)

ያን ጊዜ ብሉሚንግተንን ማየት ነበር! ሕዝቧ ወደ 43,000 በሚጠጋበት ዘመን የፋብሪካው ሠራተኞች ወደ 8,000 ይደርሱ ነበር። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በአንድ ፋብሪካ ይሠራሉ፤ በደመወዙ ቤት ይሠራበታል፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባበታል።

ነገር ግን እንደ ካምደን ሁሉ የብሉሚንግተንም ሠራተኞች ማኅበር ነበራቸው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ደጋግመው ሥራ አቆሙ። ኩባንያውም እንደገና ካርታውን ዘረጋ። በ1966 በቴኔሲ ግዛት በሜምፊስ ፋብሪካ ከፈተ፤ ይህም አምስት ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ተዘጋ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ማዶ፣ ከቴክሳሷ ኤል ፓሶ ፊት ለፊት ወዳለችው የሜክሲኮ ከተማ ወደ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ ተሻገረ። ሜክሲኮ በ1965 ድንበሯን ለእንዲህ ያለ ፋብሪካ ከፍታ ነበር። የአሜሪካም የጉምሩክ ሕግ የአሜሪካ ዕቃ ወደ ውጭ ሄዶ ተገጣጥሞ ሲመለስ በውጭ በተጨመረው ዋጋ ላይ ብቻ ቀረጥ ያስከፍል ነበር። ስለዚህ ቀላሉ ዕቃ፣ ማለትም ሽቦ የሚበየድበት ክፍል ወደ ሁዋሬዝ ሄደ፤ ከባዱ የመስተዋት ቱቦና ትልቁ ሣጥን ግን ለማጓጓዝ ውድ በመሆናቸው በኢንዲያና ቀሩ። በሁዋሬዝም የተቀጠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

በ1970ዎቹ የጃፓን ቴሌቪዥን ገበያውን አጥለቀለቀው። በ1977 አሜሪካ ከጃፓን የሚገባውን የቀለም ቴሌቪዥን በዓመት 1,750,000 ብቻ እንዲሆን በስምምነት ወሰነች፤ የጃፓን ኩባንያዎችም በአሜሪካ ምድር ፋብሪካ መሥራቱን አጠናከሩ። አር.ሲ.ኤ.ን በ1986 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ገዛው፤ የቴሌቪዥኑን ሥራም በተከተለው ዓመት ቶምሰን ለተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ አስተላለፈው። በምላሹ የቶምሰንን የሕክምና መሣሪያ ሥራና ተጨማሪ ገንዘብ ወሰደ። በ1994 የሰሜን አሜሪካ የንግድ ውል በሥራ ላይ ዋለ። በ1998 በብሉሚንግተን የቀረው ሥራ ወደ ሁዋሬዝ ሄዶ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ከ1,000 በላይ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። በዚያው በኢንዲያና፣ በማሪየን ከተማ የነበረው የሥዕል ቱቦ ፋብሪካ እስከ 2004 ቆይቶ እርሱም ተዘጋ።

አንዳንድ ሰዎች ሥራውን ሜክሲኮዎች ወሰዱት ይላሉ። ይህ አነጋገር ፍርደ ገምድል ይመስለኛል። የብሉሚንግተኗ ሴት በ1940 ሥራ ስታገኝ የካምደኗ ሴት ምን ብላ ይሆን? የሁዋሬዟም ሴት የማንንም እንጀራ ልትነጥቅ አልመጣችም፤ ከገጠር መጥታ ከፋብሪካው በር የቆመችው የራሷን ልትበላ ነው። ርካሽ እጅ ፍለጋ ከካምደን የተነሣው ኩባንያ በብሉሚንግተን ያረፈው ለጊዜው ነበር። በዚያ ያሳለፈው 58 ዓመት ለሂሳብ መዝገብ አጭር ነው፤ ከእናቷ ቀጥላ ለገባች ልጅ ግን ሕይወቷ ነው።

ዛሬ ብሉሚንግተንን የሚጎበኝ ሰው የሻወርስ ዋና ሕንፃ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ያገኘዋል። ከቴሌቪዥኑም ፋብሪካ ሕንፃዎች አንዱ የመድኃኒት መሙያ ሆኗል፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የክትባት ብልቃጦች ይሞሉ የነበሩት በዚያ ነው። በስተ ደቡብ ደግሞ በኩባንያው ስም የሚጠራ መናፈሻ አለ፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።